ድርጎ ወይስ ቀለብ? የኮቦ አቤን «የአሸዋዋ ሴት» ከአጅባር አፋፍ ስናነበው

ጃፓናዊው ደራሲ ኮቦ አቤ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመውንና ዴል ሳውንደርስ በ1964 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን «የአሸዋዋ ሴት» የድርቅ ልብ ወለድ ብሎ መጥራት ይቀላል። እኛ አንስማማም። ድርቅ የሰማይ ጉድለት ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ውሃ የሚጐድለው በሰው እጅ ነው። ሦስት አፅቄ ለመሰብሰብ ወደ ባሕር ዳርቻ የሄደ መምህር በአሸዋ ጕድጓድ ውስጥ በምትኖር ሴት ቤት እንዲያድር ይደረጋል፤ ሲነጋ የገመዱ መሰላል የለም። ከዚያ ወዲያ አሸዋ ከዛቀ ውሃ በገመድ ይወርድለታል፤ እምቢ ካለ ይቀርበታል።

ይህን ውሃ ተርጓሚው ምን ይበለው? «ራሽን» ቢለው የቀበሌ ሱቅ ስኳር ይታወሰናል። «ድርሻ» ቢለው ባለመብት ያደርገዋል። «ድርጎ» ለእንግዳ በክብር የሚቀርብ ነው፤ «ቀለብ» ግን ለወታደርም፣ ለእስረኛም፣ ለታሰረ ፈረስም ይሰፈራል። በእኛ አስተያየት በመጀመሪያይቱ ሌሊት የቀረበለትን «ድርጎ»፣ መሰላሉ ከተነሣ በኋላ የሚወርድለትን «ቀለብ» ቢለው የሰውዬው አወዳደቅ ያለ ማብራሪያ ይታያል። ግሡም «ነፈጉት» እንጂ «አጣ» አይሁን። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎው ረሃብ ከሕዝብ ዐይን ተሰውሮ እንደ ነበር ለሚያስታውስ አንባቢ፣ «ድርቅ» የሚለው ቃል ነፋጊውን ሊሸሽግ እንደሚችል ማስረዳት አያሻም።

በአጅባር አፋፍ ላይ ሆኖ ለሚያነበው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ውሃ ከላይ በገመድ አይወርድም፤ ከታች በጀርባ ይወጣል። ወደ በሽሎና ወደ አባይ የሚወርዱት ወንዞች ደጋውን በጥልቅ ሸለቆ ስለ ቈራረጡት፣ በበጋ ውሃው ከዐይን ሳይርቅ ከእግር ይርቃል። እንስራ ወይም ጀሪካን ላዘለች ሴት «ውሃ መቅዳት» ማለት ቁልቁለቱ፣ ወረፋው፣ ዳገቱም ጭምር ነው። መዝገበ ቃላት «ቀዳ»ን «ጨለፈ» ብሎ ብቻ ቢፈታው ጕዞው ይቀርበታል። የአቤ ሴት ግን ውሃ አትቀዳም፤ ትቀበላለች። ተርጓሚው በልማድ «ቀዳች» ብሎ ከጻፈ ከጕድጓዱ አውጥቷታል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ሰውዬው ቁራ ለማጥመድ የቀበረው የእንጨት ባልዲ ሳይታሰብ ውሃ አቍሮ ይገኛል፤ ርጥበቱ በአሸዋው ውስጥ ወደ ላይ ተስቦ ነው። ለዚህ አዲስ ስያሜ ከመፍጠር «ወዛ»ን እንመርጣለን፤ አሸዋው ይወዛል። ወጥመዱን «ተስፋ» ብሎ ሰይሞታል። እንግሊዝኛው በትልቅ ፊደል የሚለየውን የእኛ ፊደል ስለማይለየው፣ ትእምርተ ጥቅሱ ከወደቀ «ተስፋን ቀበረው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሌላ ታሪክ ይሆናል፤ ይባስ ብሎም የጐረቤት ስም ይመስላል። አራሚዎች ይጠንቀቁ።