የ11 ዓመት ልጅ ምን ታንብብ?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሀይሌ ጋርመንት። ረዳቶች «ጀሞ! ጀሞ!» እያሉ በሚጣሩበት የመንገድ ዳር አንድ ወጣት ሸራ ዘርግቶ መጻሕፍት ይሸጣል። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ጎንበስ ብላ «ለእኔ የሚሆን አለ?» አለችው። መጀመሪያ ያነሳላት ባለ ሥዕል የጅብና የጥንቸል ተረት ነበር። «ይሄማ የሕፃን ነው» አለች። ቀጥሎ ያነሳው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። እኔና እሷ ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ በሁለቱ መሃል የሚሰጣት ነገር አልነበረውማ።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ መሃል ነው። ተረት ያነሳት፣ የትልቅ ሰው ልብ ወለድ ደግሞ ገና የሚከብዳት ልጅ አለች። በእንግሊዝኛ ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚጻፍ ልብ ወለድ የራሱ መደርደሪያ አለው። እኛ ጋ ለትንንሾቹ ቢያንስ ተሞክሯል፤ አባባ ተስፋዬ ትውልድ በተረት አሳድገዋል፣ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ዝላይ ሐዲስ ዓለማየሁ ጋ ድረሱ እንባላለን። ስንቶቻችን ነን መሃል ላይ ወድቀን ማንበብ ያቆምነው?

ስለዚህ አራት መጻሕፍት ልጠቁማችሁ። ለታናናሾቻችሁ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለእናንተም ነው።

የመጀመሪያው የኤልዛቤት ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ነው፤ የቆሻሻው ንጉሥ እንበለው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ማሞ እናቱ ከሞተች በኋላ «አጎትህ ነኝ» ባለ ሰው ተታሎ ለገበሬ ይሸጣል፤ ከብት ጠባቂ ይሆናል። ዳኒ የሀብታም ልጅ ነው፤ የአባቱን ቁጣ ፈርቶ ከቤት ይጠፋል። ሁለቱ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። የመጽሐፉ ብርታት ለማሞ እንድናዝንለት አለመለመኑ ነው። የጎዳና ልጆቹ ሕግ አላቸው፣ አለቃ አላቸው፣ የተገኘው ይካፈላል። ዳኒ ከእነሱ ጋር ሲቀላቀል ምንም የማያውቀው እሱ ነው፤ ተማሪው እሱ፣ አስተማሪው ማሞ ይሆናል። ለእኔ ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል፤ ደራሲዋ አገራችንን ለውጭ አንባቢ ስታስጎበኝ ይሰማኛል። የጋርመንት ልጅ አስጎብኚ አያስፈልጋትም። ያም ሆኖ ካነበብኩት በኋላ ጫማ የሚጠርግልኝን ልጅ ስሙን ጠየቅኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርጎልኛል፤ ስሙን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው የቤንጃሚን ዜፋንያ «ሪፊውጂ ቦይ» ነው (እ.ኤ.አ. 2001)። አለም አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። በጦርነቱ ጊዜ አባቱ ለጉብኝት ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። አንድ ጠዋት አለም ሆቴል ውስጥ ሲነቃ አባቱ የለም፤ ያለው ደብዳቤ ነው። መጽሐፉ ሲከፈት ሁለት ትዕይንቶች አሉ፣ አንዱ ኢትዮጵያ፣ አንዱ ኤርትራ። ወታደሮች ሌሊት ቤት ሰብረው ይገባሉ። ሁለቱ ትዕይንቶች ቁርጥ አንድ ናቸው፤ የሚለወጠው «ጠላት» የሚባለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚያ ጦርነት ካነበብኩት ሁሉ እንደ እነዚያ ጥቂት ገጾች በግልጽ የነገረኝ የለም። የ11 ዓመት ልጅም ሳታስረዷት ይገባታል። ቤተሰብ ውስጥ የሚደርሰው ሞት ግን ከባድ ስለሆነ፣ ከትንሽ ልጅ ጋር አብራችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ሦስተኛው ልጅነቷን ማጂ ያሳለፈችው ጄን ከርትዝ የጻፈችው «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ነው (እ.ኤ.አ. 1998)። በ1970ዎቹ የረሃብና የጦርነት ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሁለት ልጃገረዶች ወደ ሱዳን ይሰደዳሉ። ሳሃይ ቅማንት ናት፤ ራሔል ቤተ እስራኤል ናት፣ ዓይነ ስውር። ሳሃይ ያደገችው የራሔልን ወገኖች «ቡዳ» ብላ እየፈራች ነው። መንገዱ ግን የሚሄደው ተያይዞ ነው። ከርትዝ ጥላቻውን ከክፉ ሰው አፍ አላወጣችውም፤ ከምንወዳት ልጅ ልብ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ዛሬ ስልካችን ላይ ስለ ሌላው ብሔር የሚጻፈውን ለምናነብ ሰዎች ይሄ የልጆች መጽሐፍ ብቻ አይደለም።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሦስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ደራሲዎቹም የውጭ ሰዎች ናቸው። ልጆቻችን ስለ ገዛ ከተማቸው በሰው ቋንቋ ያነባሉ። «ታዲያ በአማርኛ መቼ ሊጀመር ነው?» ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ አራተኛው መጽሐፍ መልስ አለው፤ ድሮ ተጀምሯል።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እያልን ለፈተና ሸምድደነዋል። እስቲ ያንን ትታችሁ ታሪኩን ብቻ ተመልከቱት። መንታ ወንድምና እህት አሉ። ወንድሙ የአባቱን ውለታ የዋለውን ሰው ፍለጋ ወጥቶ ለባርነት ይሸጣል። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ትወጣለች። በዚያ ላይ አንዲት ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወዳታለች! ይሄ ምንድነው? ጉዞ፣ ምስጢር፣ ጀግና ልጅ። በቃ፣ የጎደለን መደርደሪያ መጽሐፍ ነው። እርግጥ አማርኛው ያጌጠና የከበደ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሃይማኖቱና ጋብቻው ሁሉን ነገር በአንዴ ያስታርቀዋል፣ ዛሬ እንደዚያ የሚጽፍ ቢኖር እከራከረው ነበር። ግን አንድ ሰው ቋንቋውን ለልጅ አቅልሎ ቢያሳትመው፣ ያ ሸራ ላይ በተረቱና በ«ፍቅር እስከ መቃብር» መሃል የሚቀመጥ ነገር ይኖር ነበር። የአማርኛ ልብ ወለድ አሀዱ ያለው በልጅ ጀብዱ ነው፤ ልጆቹን የረሳናቸው እኛ ነን።

የእህቴን ልጅ የሌርድን መጽሐፍ ሰጠኋት። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። አንድ ማታ እናቴ ጋ ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጣ በአማርኛ እየመለሰች ለአያቷ ታነባለች። የማሞ «አጎት» የመጣበት ቦታ ደርሳለች። እናቴ ሽንኩርቱን መክተፍ አቁማ «ኧረ ይሄ ሰውዬ አጎቱ አይደለም!» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ «እማዬ፣ ቆይ፣ አትቸኩዪ» አለቻት፤ ገጹንም ገለጠች።

ወጡ ያን ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ማንም ቅር አላለውም።