የጎንደር ግንብና የግንበኛው ቤት

ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን ሽቅብ የወጣ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ጎንደር የገባ መንገደኛ የሚጠይቀው በቅድሚያ የፋሲል ግቢን ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያያቸው፣ በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ የገበሬ ቤቶች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሐሳቡ ይወጣሉ። ጥፋቱ የመንገደኛው ብቻ አይደለም፤ ቅርስን የምናይበት ዓይን ራሱ እንዲህ ሆኖ የተቀረጸ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ አመለካከት መመርመር ነው።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሩት የጎንደር ነገሥታት ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ነው። በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማዎች ያሉት የፋሲል ግንብ፣ የቀዳማዊ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት፣ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥትና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ በዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መመዝገቡ የሚገባ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ክርክራችን የሚጀምረው ከቅጥሩ ውጭ ነው። በመዝገቡ ላይ ቤተ መንግሥታት፣ አብያተ ክርስቲያናትና የፋሲል መዋኛ ተጠቅሰዋል፤ ሕዝቡ የኖረባቸው ሰፈሮች ግን በስም አልተነሡም። ይሁንና እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ አዲስ ዓለም የሚሉት ስሞች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ለምሳሌ የአዲስ ዓለም ታሪክ፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከመወሰኑ ጋር የተያያዘ ነው። የከተማይቱን ማኅበራዊ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ይህንን ከማማዎቹ ላይ አያነበውም።

ድንጋዩን የጠረበውስ ማን ነበር? በግንባታው የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች መሳተፋቸው በቃል ትውፊትም በታሪክ ጥናትም ይወሳል። የዚያ ዘመን ኅብረተሰብ እጃቸውን ፈለገ፤ ሰዎቹን ግን «ቡዳ» እያለ አራቃቸው። እኛም ግንቡን እያደነቅን ባለሙያውን ስንዘነጋ ያንኑ ንቀት በሌላ መልክ እንደግማለን።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት መሆኑን መሠረት አድርጓል። ሥራ ካልን ደግሞ የሠሪው ቤት፣ መሣሪያውና ዕውቀቱ ከቅርሱ ሊነጠሉ አይችሉም። ይህ የማይቻል ምኞት አለመሆኑን ሐረር ታስረዳናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመዘገበው ጁገል ቅጥሩን ብቻ ሳይሆን መስጊዶቹን፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹንና የሐረሪን መኖሪያ ቤት ከነአደራረጉ የያዘ ነውና።

ንጉሡ ብቻውን የሚናገርበት ቴአትር፣ የመድረኩ ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሙሉ ድርሰት አይባልም። ጎንደርንም እንዲህ አድርገን ማቅረብ ይብቃን። በየሰፈሩ የቀሩት አሮጌ ቤቶች ከነባለቤቶቻቸው ትዝታ ይመዝገቡ፤ የድንጋይ ጠረባና የኖራ ሙያ ለወጣቶች ይሰጥ፤ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ግቢው ሲወስዱ መመለሻቸውን በሰፈሮቹ በኩል ያድርጉ። ግንቡን የሚያይ ሁሉ የግንበኛውን ቤት ሳያይ እንዳይመለስ ማድረግ የባህል ሠራተኛው ግዴታ ነው።