አረንጓዴ ሻይን በፈላ ውሃ አትግደሉት!

ኧረ ይህን ጉድ እስካሁን የት ደብቀውት ነው! አረንጓዴ ሻይ ይመራል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ክብደት ለመቀነስ ካልሆነ ማን ይጠጣዋል የምትሉ ሁሉ ስሙኝ፤ ያስመረረው የፈላ ውሃችሁ ነው።

ምሬትና አፍ የሚያጨማድድ ጣዕም የሚያመጡት ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚወጡት ውሃው በጣም ሲሞቅ ነው። ጣፋጩንና መረቅ መረቅ የሚለውን ጣዕም የሚሰጠው ቲያኒን ግን በለብታም፣ በቀዝቃዛም ይወጣል። ውሃውን አብርዱት፣ አለቀ! ጃፓኖች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ኪዮቶ አጠገብ በኡጂ አካባቢ ናጋታኒ ሶኤን የተባለ ሰው ቅጠሉን በእንፋሎት መትተው፣ እያሹ የማድረቅን ዘዴ በ1738 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀ፤ የምወደው ሴንቻ የተባለው አረንጓዴ ሻይ የዚያ ልጅ ነው።

ለሁለት ስኒ 5 ግራም ያህል ቅጠል ይበቃል። ውሃው ይፍላና ወደ ስኒ ገልብጡት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ስኒ፤ በተገለበጠ ቁጥር 10 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። (አዲስ አበቤ ሆይ፣ አንተማ ታድለሃል! በከፍታው የተነሳ ውሃህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሁለቴ ስትገለብጠው 70 አካባቢ ይደርስልሃል።) ቅጠሉ ላይ አፍስሱና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ማማሰል የለም። ከዚያ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፍጥፉት፤ ውሃ ከተኛበት ሁለተኛው ዙር ይመራል።

አቤት መዓዛው! የበቆሎ እሸት ሲቀቀል ድስቱ ሲከፈት የሚመጣው ሽታ፣ ልክ እሱ። መልኩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ለምለም አረንጓዴ። ስትውጡት ደግሞ ጣፋጩ ምላስ ላይ ቁጭ ይላል፣ አልሄድም ይላል። ደግሞ አያልቅም! ያንኑ ቅጠል ከመጀመሪያው ትንሽ ሞቅ ባለ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ደግሞ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት።

ያበደው ግን በረዶው ነው። ቅጠሉ ላይ በረዶ ብቻ ደርድሩና እስኪቀልጥ ተዉት። የሚወጣው ጥቂት ጉንጭ ነው፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ፤ ምሬት የሚባል አልፈጠረበትም። እንግዳ ሲመጣ ይህን አቅርቡና ፊቱን እዩት።

ስትገዙ ቲ ባጉን እለፉት። አየር በማያስገባ እሽግ ያለውን፣ አረንጓዴነቱ ያልጠፋውን ቅጠል ምረጡ፤ ቡናማ ከሆነ አርጅቷልና ለሻጩ ተዉለት። ስኳር ደግሞ፣ በሞቴ፣ እንዳትነኩ!