ስለ ዶማና ስለ ደብተር

አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ሲሉ ትምህርትን ምን ያህል ያከብሩ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። እኔም በዚህ አነጋገር ያደግሁ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይም በመምህርነት የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ትምህርትን የሚያቃልል ቃል ከእኔ ብዕር ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም። ነገር ግን ዛሬ በከተማው ስንዘዋወር የሥራ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር ዲግሪያቸውን በፌስታል የያዙ ወጣቶች ቆመው ሲያነቡ እናያለን። «ተማር» ብሎ የመከረ ሰው ሁሉ «ተማርሁ፤ ከዚያስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የመስጠት ዕዳ አለበት። እኔ ከዚህ ዕዳ ጥቂቱን ለመክፈል አንድ አፍሪካዊ መሪ የጻፉትን አጭር ጽሑፍ አንሥቼ፣ መልካሙን መልካም፣ ጉድለቱንም ጉድለት ብዬ ልመረምር አስቤአለሁ።

ጽሑፉ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ የጻፉት «ትምህርት ራስን ለመቻል» የተባለው ነው። ኔሬሬ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ፤ ሕዝባቸውም በስዋሂሊ «ምዋሊሙ»፣ ይኸውም «መምህር» እያለ ይጠራቸው ነበር። የውጭውን አገር ዘመን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በዚህም ስሌት የአሩሻ መግለጫ የተባለው የመንግሥታቸው አቋም በፌብሩዋሪ 1967 ወጣ፤ እሳቸውም በተከታዩ ወር ይህን ስለ ትምህርት የሚናገር ጽሑፍ አስከተሉ።

የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው መልካምነት ጸሐፊው በገዛ ሥራቸው አለመመካታቸው ነው። ታንጋኒካ ነጻ በወጣችበት በ1961 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ሕፃናት 490,000 ነበሩ፤ በ1967 ግን 825,000 ደርሰዋል። ሌላ መሪ ቢሆን ይህን ቍጥር ጽፎ ለራሱ ባስጨበጨበ ነበር። ኔሬሬ ግን ወዲያው ሌላ ቍጥር አቀረቡ። አንደኛ ደረጃን ከሚጨርሱት ልጆች መካከል ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡት ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ናቸው። ትምህርቱ የተሰናዳው ግን ለነዚህ ለ13ቱ ነው። ስለዚህ 87ቱ ልጆች ሰባት ዓመት ተምረው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ይዘውት የሚመለሱት ዕውቀት ሳይሆን «ወደቅሁ» የሚል ስሜት ነው። ይህ ደግሞ የልጆቹ ሳይሆን የትምህርቱ አሠራር ጥፋት ነው።

መድኃኒቱንም እንዲህ ሲሉ አሰቡ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሌላ ደረጃ መሰላል ብቻ ሳይሆን በራሱ ሙሉ ይሁን። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ለሥራ እንዲደርስ፣ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ ከፍ ይበል። የፈተና ክብደትም ይቀነስ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት እርሻ ወይም የእጅ ሥራ ቤት ይኑረው፤ ተማሪዎቹ ይሥሩ፤ ከሥራቸው የሚገኘው ገንዘብ በምን ላይ እንዲውል በመወሰንም ይሳተፉ። ይህን የጻፉት መጽሐፍ የሚንቁ ሰው አልነበሩም። የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ወደ ስዋሂሊ ተርጕመው በ1963 ያሳተሙ እሳቸው ናቸው። የተቃወሙት መጽሐፍን ሳይሆን፣ ዕውቀት ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ አለ፣ እጁ አፈር የነካ ሰው ዐዋቂ አይባልም የሚለውን ሐሳብ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ክፍል ባነበብሁ ጊዜ ፊቴ በኀፍረት ቀላ። ምክንያቱን ልንገርህ። እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓሮ ሰፊ ቦታ ነበረ። በዚያ ቦታ ላይ ጐመንና ካሮት ይተከል ነበር። የሚኰተኵተው ማን ነበር? አርፍዶ የመጣ፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ፣ በክፍል ውስጥ የረበሸ ተማሪ ነበር። ዶማውን ከዘበኛው ቤት አስወጥቼ በእጁ የምሰጠው እኔ ነበርሁ። ጐበዙን ተማሪ ግን «አንተ ደብተርህን ይዘህ ግባ» እለው ነበር። በዚህ ዐይነት ዶማ የሰነፍ ቅጣት፣ ደብተር የጐበዝ ሽልማት መሆኑን በቃል ሳልናገር በየቀኑ አስተማርሁ። እንዲህ ያለውን ትምህርት ደግሞ ልጅ አይረሳውም።

አለመርሳቱን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዱሮ ያስተማርሁት ልጅ አገኘኝና ሰላምታ ሰጠኝ። በክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በምጣኔ ሀብት ተመርቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ እንደ ፈለገ ነገረኝ። አባቱ ወንዝ ዳር መሬት እንዳላቸው ዐውቅ ስለ ነበረ፣ «አባትህ ሽንኩርት ያለሙ የለምን? ለምን ከሳቸው ጋር አትሠራም?» አልሁት። ልጁ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ መኰትኰት እኮ አርፍዶ የመጣ ተማሪ ሥራ ነው። እኔ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ኔሬሬ በ1967 የጻፉት ስለ ታንዛኒያ ብቻ አልነበረም፤ ስለ እኔም ነበር።

የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውንና ሸክላ የምትሠራውን በሙያቸው ስም እየጠሩ መስደብ እጅግ የተለመደ ስለ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። በዚያው ዘመን ገደማ የምኒልክ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱና ዐዋጁ አብረው ቢሄዱ ኖሮ፣ ፊደል ያወቀ ሰው ባለ እጅን ለማክበር የመጀመሪያው በሆነ ነበር። እኛ ግን ትምህርት ቤቱን ይዘን ዐዋጁን ረሳነው።

ዛሬ ያለንበትንም እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። የታንዛኒያው ችግር የቦታ ማነስ ነበር፤ የእኛው የውጤት ማነስ ስለሆነ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልጁ ዘንድ ሲደርሱ ግን አንድ ይሆናሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ «ወደቅሁ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ልጅ፣ በእጁ ምን ይዞ ይመለሳል? ኔሬሬ የጠየቁት ይህን ነው፤ ጥያቄውም አላረጀም።

እስካሁን ያመሰገንሁት በቂ ይመስለኛል፤ ከዚህ በኋላ ጉድለቱን እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሰጠው ዶማ አባቱ ቤት ከነበረው ዶማ የማይለይ መሆኑ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን በብዙ ቦታ የትምህርት ቤቱ እርሻ ልጆች በነጻ የሚሠሩበት፣ የትምህርት ቤቱ ካዝና የሚሞላበት ሆኖ ቀረ። ልጁ አባቱ የሚያውቁትን አስተራረስ፣ ከአባቱ ያነሰ ልምድ ካለው አስተማሪ እንዲማር ተደረገ። እንዲህ ያለው ሥራ ልጁን ያደክመዋል እንጂ አያስተምረውም። ሥራ ትምህርት የሚሆነው አፈሩ ሲመረመር፣ ውሃው ሲለካ፣ ወጪና ገቢው ሲጻፍ፣ ዘንድሮ የተሳሳተው በሚመጣው ዓመት ሲታረም ነው። ይኸውም ዶማውና ደብተሩ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፣ ድሀው ወላጅ የሚጠራጠረውን ነገር አቅልሎ ማየት ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። በአገራችን በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ጥናት ተዘጋጅቶ ነበር። ጥናቱ ብዙ ሕፃናት አጭር መሠረታዊ ትምህርት አግኝተው ለገጠር ኑሮና ለሥራ እንዲዘጋጁ፣ ወደ ከፍተኛው ደረጃ የሚያልፉት ግን ጥቂቶች እንዲሆኑ ያስብ ነበር። ሕዝቡ ይህን በሰማ ጊዜ «ለድሀ ልጅ ዶማ፣ ለጌታ ልጅ ደብተር ሊሆን ነው» ብሎ ተቈጣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ሕዝቡ ተሳስቶ ነበር ለማለት አልደፍርም። የሥራን ክብር የሚሰብክ ሰው የራሱን ልጅ ከሥራው ካራቀ፣ ስብከቱን ማንም አያምነውም።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ይህንንም ያስተማረኝ ያው ተማሪዬ ነው። በዚያ ቀን መልስ አጥቼ እንደ ቆምሁ፣ ልጁ ቀልዱን ተወና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ንቀቱስ እውነት ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። የአባቴ መሬት አንድ ጥማድ ነው፤ እኛ ደግሞ አራት ልጆች ነን። የጎረቤታችንን መሬት በእኩል ልይዝ እችላለሁ፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ግን የለኝም። የብድርና ቍጠባ ማኅበሩ ዋስ አምጣ ይለኛል። እርስዎ ይፈርሙልኛል?»

ወጣት አንባቢዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ አመነታሁ። ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ሥራ ክብር የተናገርሁት እኔ፣ የጡረታ ደብተሬን ለማስያዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ፈረምሁለት።

ሞተሩ ተገዛ። ልጁም ሽንኩርት ተከለ። አዝመራው ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በወንዙ ዳር ያለው ገበሬ ሁሉ በአንድ ሰሞን ተክሎ ኖሮ በአንድ ሰሞን ነቀለ። ደላላው ዋጋውን ጣለው። ሽንኩርት እንደ እህል በጎተራ ከርሞ ዋጋ አይጠብቅምና፣ ልጁ ባገኘው ዋጋ ሸጦ ከሰረ። የዚያን ዓመት የዕዳ ክፍያ ከፊሉ ከጡረታዬ ተቈረጠ። ልጁ ግን አልሸሸም። በዩኒቨርሲቲ የተማረውን ያን ጊዜ አስታወሰ። የሁለት ገበያ ወራት ዋጋ በደብተር እየጻፈ፣ ሽንኩርት መቼ እንደሚረክስ መቼ እንደሚወደድ አስተዋለ። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ከፍሎ በተለያየ ሳምንት ተከለ፤ በአንዱ መደብ ላይ ደግሞ ችግኝ አፍልቶ ለጎረቤቶቹ ሸጠ። ዛሬ ሁለት ልጆች ቀጥሮ ያሠራል። ዕዳው ገና አላለቀም።

ከዚህ ታሪክ የተነሣ በኔሬሬ ላይ ያለኝ ትችት ይህ ነው። እሳቸው ልብን ቢለውጡ ሥራ የሚገኝ መሰላቸው። ልብ መለወጥ አለበት፤ ያልተለወጠ ልብ ሞተር ቢሰጡት ሸጦ ይበላዋል። ነገር ግን የተለወጠ ልብ ብቻውን ውሃ አይስብም። መሬት፣ መሣሪያ፣ ብድር፣ መንገድና ገዢ ያሻዋል። አናጢነት የተማረ ልጅ መጋዝና መላጊያ ከሌለው፣ እንጨት የሚገዛበት ካላገኘ፣ የሠራውን ወንበር የሚገዛው ከሌለ፣ የተማረው ሙያ እንደ ዲግሪው በፌስታል ውስጥ ያረጃል። ዛሬም «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» እያልን ወጣቶችን ብቻ የምንመክር ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው። በባዶ እጅ ሥራ ፍጠር ማለት፣ ያላበደሩትን ክፈል እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ለአንተ ለወጣቱ የምለው አጭር ነው። ከመጽሐፍህ አትራቅ፤ ሽንኩርቱን ከሁለተኛ ኪሳራ ያዳነው ደብተር ነውና። እጅህንም ከሥራ አታሽሽ፤ ደብተሩ የሚጽፈውን ያገኘው ከማሳው ነውና። ሥራ ስትጠይቀን «ወጣት ሰነፈ» ብለን ብንመልስልህ፣ «ዋስ ትሆኑኛላችሁ?» ብለህ ጠይቀን። በዚያን ጊዜ ምክራችን እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ይታወቃል።

ከእናንተም መካከል ነገ አስተማሪ የሚሆን ይኖራል። ለእሱ አንድ ዐደራ አለኝ። አርፍዶ የመጣውን ተማሪ በሌላ ነገር ቅጣው፤ ዶማውን ግን በክፍሉ አንደኛ ለወጣው ልጅ፣ ከመለኪያና ከደብተር ጋር ስጠው። አንተም አጠገቡ ቆመህ ኰትኵት።