«ተቀበል» ባዩን ማን ያጥናው?

ስለ አዝማሪ ሲጻፍ ብዕሩ የሚያርፈው አዝማሪው ላይ ነው፤ በጣቱ፣ በመሰንቆው፣ በአንደበቱ። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰምና ወርቅን የአማራ ባህል መፍቻ አድርጎ አቀረበው፤ እኛም ወርቁን ከተናጋሪው አፍ ስንፈልግ ኖርን። እኔ ግን የአዝማሪ ቤት ወርቅ የሚነጠረው በታዳሚው ጆሮ ነው እላለሁ።

በአዝማሪ ቤት ስንኙን እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ታዳሚው ነው። ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ተመራማሪ የሚያደንቀው ፍጥነቱን ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን ድግግሞሹ ነው። አዝማሪው የተቀበለውን አንዴ ብሎ አያልፍም፤ ይደግመዋል፤ በመካከሉ መሰንቆው ብቻውን ይጫወታል። በመጀመሪያው ዙር ቤቱ ሰሙን ይሰማል። መሰንቆው ሲቀጥል ሰው የጎረቤቱን ፊት ያያል። በሁለተኛው ዙር ከአንድ ጥግ ሳቅ ይነሣል። ያ ሳቅ ፍቺ ነው፤ ያልገባው ሰው ሳቁን ሰምቶ ወደ ቃሉ ይመለሳል፣ ይፈትሸዋል፣ ዘግይቶም ቢሆን ያገኘዋል።

«አልጋ» የምትለውን ቃል እንውሰድ። አልጋው ጠበበ ቢባል የሙሽራ አጃቢዎች መኝታውን ሰምተው ይስቃሉ፤ ከወዲያ ማዶ የተቀመጡ ሽማግሌ ዙፋኑን ሰምተው ዝም ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ዜማውም አልተለወጠም። የሽማግሌው ዝምታ ግን ከሳቁ ይልቅ ጮሆ ይሰማል፤ ሳቂዎቹም ዘወር ብለው ሲያዩዋቸው ስንኙ ሌላ ስንኝ ይሆናል። ይህን ሁለተኛ ስንኝ አዝማሪውም ሆነ «ተቀበል» ባዩ ለብቻቸው አልደረሱትም።

የጣሊያን ፋሺስቶች ይህን የታዳሚ ጉልበት ፈርተውት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተቃጣበት የግድያ ሙከራ በኋላ እንደራሴያቸው ግራዚያኒ ካስገደላቸው መካከል አዝማሪዎች ነበሩ። ያስፈራው መሰንቆው አልነበረም፤ በዙሪያው የተሰበሰበው፣ ሰምቶም ወደ ቀዬው የሚመለሰው ሰው ነው።

ዛሬ በየበዓሉ በቴሌቪዥን የምናየው አዝማሪ ታዳሚ አለው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። በስቱዲዮው የተቀመጡት ሰዎች የሚጠበቅባቸው ማጨብጨብ ነው፤ ስንኙ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ ያቺ የመሰንቆ ፋታ ሰዓት ለመቆጠብ ተቆርጣለች፣ የሚነሣውም የእንግዳው ስምና ሙገሳው ነው። ሙገሳ በአዝማሪ ቤትም አለ፤ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ ስም ይጠራል። ነገር ግን እዚያ የተሞገሰውን ሰው ከጎኑ የተቀመጠው ተነሥቶ «ተቀበል!» ብሎ ሊወርፈው ይችላል፤ አዝማሪውም ያንን ወረፋ በዚያው መሰንቆ ይመልሰዋል። ይህ መብት የሌለበት ሙገሳ ማስታወቂያ ነው። ባህል ጠበቅን እያሉ እሱን ማቅረብ አዝማሪነትን መበደል ነው።

ይህን ስጽፍ ስማቸው በየትኛውም ካሴት ላይ ያልሰፈረ «ተቀበል» ባዮች ይታወሱኛል፤ ከማውቃቸው ገጣሚዎች የሚያንሱ አልነበሩም። ስለዚህ ጎንደርም ሆነ ሌላ ቦታ የአዝማሪ ጨዋታ ለመቅረጽ የምትሄዱ ሁሉ፣ አንዱን ማይክሮፎን ወደ ታዳሚው አዙሩት። ሳቁንም ዝምታውንም ሳትቆርጡ አስቀሩልን።