የበዛብህ ፍርሃት የት ገባ?

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ያልተባለለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ስለ ተረከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጆች ያውቃቸዋል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ስለ መጽሐፉ ጻፉ በተባልን ቁጥር የተዘጋጀ መልስ አለን፤ ሁለቱን ወጣቶች ያጠፋቸው የባላባቱ ሥርዓት ነው እንልና እስክሪብቶ እንከድናለን። መልሱ ሐሰት አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራት ምክንያት የልጃቸውን ዕድሜ እንዳቃጠሉ በግልጽ ተጽፏል። ታዲያ የበዛብህ ፍርሃት የት ገባ?

በዛብህ የብፅዓት ልጅ ነው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። አድጎ፣ ተምሮ፣ ቅኔ ዘርፎ፣ ከፊታውራሪ ቤት በአስተማሪነት ገብቶ ሰብለን ሲወድ ያ ስለት አብሮት ገባ። ስለቱን ባፈርስ እቀሠፋለሁ ብሎ ይፈራል። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን መጀመሪያ ሳነብ በዚህ ልጅ ተናድጄ ነበር። ምን ያልፈሰፍሰዋል! አጉል እምነት ነው ብዬ ገጹን ገለበጥሁ።

ኋላ ግን የራሴ መጣ። እናቴ ማትሪክ እንዳልፍ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ ነበር። አለፍሁ፣ ጃንጥላውም ገባ። በመጀመሪያው ዓመት ኤፍ ያገኘሁ ቀን ታዲያ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ ዲኑ አይደለም፤ ጃንጥላው ነው። ለማንም ሳልናገር ሁለት ሳምንት ከረምሁ። ወደ በዛብህ የተመለስሁት ያን ጊዜ ነው።

የእሱን ፍርሃት ከባድ ያደረገው ከጠላት አለመምጣቱ ነው። ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ እየሞቱባት ገፊ የተባለች ሴት ናት፤ ልጇን በስለት ብታጥር ማን ይፈርድባታል? ፍርሃቱ የእናቱ ፍቅር ሌላው ገጽ ነው። እሱን አውልቆ መጣል እናትን መጣል ይመስላል። ስለዚህ በዛብህ ፍርሃቱን አንዴ እንደ አምላክ ትእዛዝ ይሰግድለታል፣ አንዴ ይሸሸዋል እንጂ «ይኸ እኮ ፍርሃት ነው» ብሎ ፊት ለፊት አያየውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን የጻፉት ሳይቸኩሉና ሳይፈርዱ ነው። የመጽሐፉ ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ፊታውራሪም ቢሆኑ ከዚህ አይርቁም። ገበሬው ተጨማሪ ግብር አልሰጥም ባለ ጊዜ ከውርደት ጋር አንድ ሌሊት ማደር አቃታቸው። ለምን እምቢ አለ ብሎ መጠየቅ ቀረና ዘመቱ፤ መጨረሻቸው በእነ አበጀ በለው እጅ መማረክ ሆነ።

ጉዱ ካሳ ብቻ ንዴቱን ያውቀዋል። በማን እንደሚናደድና ለምን እንደሚናደድ ጠንቅቆ ይናገራል፤ በዚህም እብድ ተባለ። እዚህ ላይ ግን ደራሲውን የምነቅፍበት አለኝ። ንዴቱ አንዳንዴ ስብከት ይሆንና ይረዝማል፤ ሰውየው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሰማው ለማየት ፋታ አናገኝም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንዱን ቀንሰው፣ ጉዱ ካሳ ቤቱ ገብቶ ዝም ሲል ቢያሳዩን ምናለ?

ነገሩ የአንድ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ኀዘንን እኮ አገራችን ታውቅበታለች። መርዶ ሲነገር በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ አልቃሽ አለች፣ ሣልስት አለ፣ አርባ አለ። ማንም ለቀስተኛን «እርሳው» አይለውም፤ ቢያንስ ያን ቀን። ለፍርሃትና ለቅናት፣ ለሐፍረትም ግን ድንኳን አይተከልም። ያለችን አንዲት ቃል «አይዞህ» ናት። ደግ ቃል ናት፤ ግን ቶሎ ከተባለች አፍ ትዘጋለች። ዶርም ውስጥ ስንቱን በ«አይዞህ» አስተኝተነዋል።

ለዚህ መጽሔት የሚላኩ ግጥሞችን አብሬ አነባለሁ። ግማሹ እንባ ነው፣ ግማሹ ፉከራ። በፉከራው ባለቅኔው ምንም አይፈራም፤ በእንባው ደግሞ ከመሞት በቀር የሚያደርገው የለም። እስካሁን አንድም ሰው ኤፍ አግኝቶ ለእናቱ መደወል ስለ ፈራበት ማታ አልጻፈልንም። እኔም አልጻፍሁም፤ ይኸው በበዛብህ አሳብቤ አወጣሁት።