አክተሩ ልጅ ሲገድል

ልጆች ሳለን የካውቦይ ፊልም ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ለሁለት ከፍለን ነበር የምናየው፤ አክተሩና ሌባው። «አክተር» ማለት ለእኛ የሚተውን ሰው ሁሉ አልነበረም። ዋናው፣ ደጉ፣ የማይሞተው እሱ ብቻ ነው። ቪዲዮ ቤት ዘግይቶ የገባ ልጅ አጠገቡ ወደተቀመጠው ጠጋ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ዛሬ ለቲያትርና ለፊልም ተዋናይ እመርጣለሁ፤ አዲስ ድርሰት እጄ በገባ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ጥያቄ ነው። ተመልካቹ ይህን ፊት እንዳየ ከየትኛው ወገን ይመድበዋል?

ይህን ጥያቄ እንደ ሰርጂዮ ሊዮኔ የተጠቀመበት ዳይሬክተር አላውቅም። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» በተዋናይ ምርጫው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኛ ሙያተኞቹ ዘንድ ከተነሳማ ቡናው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። ሄንሪ ፎንዳን የሚያህል ሰው ነፍሰ ገዳይ ማድረግ ልክ ነበር? ቻርልስ ብሮንሰንስ ዋና ገጸ ባሕርይ የመሸከም አቅም ነበረው? ክሊንት ኢስትዉድ ቢሆን ኖሮስ?

በረሃ መሀል ካለ ቤት ደጃፍ ለድግስ ጠረጴዛ ተሰናድቷል። ማክቤን የሚባለው አባወራ ከሩቅ የምትመጣ አዲስ ሚስቱን ይጠብቃል። ድንገት የነፍሳቱ ድምፅ ጸጥ ይላል። ተኩስ። ሴት ልጁ ትወድቃለች፣ አባትየው ይወድቃል፣ ታላቅየው ልጅ ይወድቃል። ትንሹ ልጅ ከቤት ሮጦ ሲወጣ ሬሳቸውን ያያል። ከቁጥቋጦው ውስጥ ረጃጅም ካፖርት የለበሱ ሰዎች ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ካሜራው ከአለቃቸው ጀርባ ነው፤ በትከሻው በኩል ይዞርና ፊቱ ላይ ይደርሳል። ሰማያዊ ዓይን፣ የተረጋጋ ገጽ። ፎንዳ ነው። ከሰዎቹ አንዱ ሳያስብ «ፍራንክ» ብሎ በስሙ ይጠራዋል፤ ያን ጊዜ ስሙን የሰማ ልጅ እንደማይተርፍ ይገባናል። ሰውየው ፈገግ ይላል። ሽጉጡ ሲጮህ ድምፁ ከባቡር ፉጨት ጋር ይቀላቀላል።

ያ ፊት በ1939 ወጣቱን ሊንከንን፣ በ1940 ከመሬቱ የተፈናቀለውን ቶም ጆድን፣ በ1946 ሕግ አስከባሪውን ዋያት ኧርፕን የተጫወተ ፊት ነው። በ1957 «12 አንግሪ ሜን» ላይ ደግሞ አንድን ልጅ ከሞት ፍርድ ለማዳን ከአሥራ አንድ ሰው ፊት ብቻውን ቆሟል። እርግጥ በ1948 «ፎርት አፓቺ» ላይ ትዕቢተኛ መኮንን ሆኖ አይተነዋል፤ ቢሆንም ለሠላሳ ዓመት ያህል ለተመልካቹ «አክተሩ» እሱ ነበር። እንግዲህ ለልጅ ነፍስ የተሟገተው ሰው ከ11 ዓመት በኋላ በዚያው ዓይኑ ልጅ ላይ አነጣጠረ።

ፎንዳ ራሱ እንደተረከው፣ ለቀረጻ ሲመጣ ጢሙን አሳድጎ፣ ዓይኑንም ቡናማ የሚያደርግ ሌንስ አጥልቆ ነበር። ሊዮኔ ጢሙንም አስላጨው፣ ሌንሱንም አስወለቀው። ይህን ታሪክ ለጀማሪዎች ደጋግሜ አወራለሁ። ፎንዳ ያደረገው ማንኛውም ትጉህ ተዋናይ የሚያደርገውን ነው፤ ሌባ መምሰል። ሊዮኔ ግን የከፈለው ሕዝቡ ለሚያምነው ለዚያ ሰማያዊ ዓይን ነበር።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ቲያትር ላይ ወንድሙን የሚከዳ ነጋዴ ነበር። ኦዲሽን ከመጡት መካከል ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሲስቅ ሰው አብሮት የሚስቅ ተዋናይ ነበረ። ንባቡ ግሩም ነበር። «ለክፋት አይሆንም» ብዬ ሸኘሁትና ግንባሩ የማይፈታ፣ በሌባነት የታወቀ ተዋናይ ወሰድኩ። ሰውየው ሥራውን በደንብ ሠራ። ክህደቱ ሲገለጥ ግን አዳራሹ ውስጥ ማንም አልደነገጠም። ትርዒቱ ሲያልቅ አንዲት እናት በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ እኔማ ገና ሲገባ አውቄዋለሁ» አሉኝ። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የደራሲውን የሁለት ሰዓት ልፋት እኔ በአንድ ፊት አስቀድሜ ተናግሬበት ነበር።

ወደ ብሮንሰን ልመለስ፤ እውነተኛው ክርክር እዚህ ላይ ነውና። ሊዮኔ በ1964 ለተሠራው «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ» ብሮንሰንን ጠይቆት እምቢ ብሎ ነበር፤ ዕድሉ ለኢስትዉድ ሆነ። በዚህኛው ፊልም ደግሞ ኢስትዉድ ተጠይቆ እምቢ ሲል ሃርሞኒካ የሚነፋው ሰው ሚና ለብሮንሰን ደረሰ። ኢስትዉድ ቀረ ብለው ዛሬም የሚቆጩ አሉ። እኔ አልቆጭም። ኢስትዉድ ከሊዮኔ ጋር ሦስት ፊልም ሠርቷል፤ በፊልሙ መክፈቻ ከባቡሩ የሚወርደው እሱ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ «መጣልን!» ብሎ ወንበሩ ላይ ይደላደል ነበር። ታሪኩ ግን የቆመው ይህ ሰው ማነው፣ ፍራንክን ለምን ይፈልገዋል በሚለው ላይ ነው። መልሱም እስከ መጨረሻው ፍልሚያ አይነገርም። ብሮንሰን በወጣትነቱ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። በ«ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን»ም በ«ዘ ግሬት እስኬፕ»ም ከብዙዎች መሀል አንዱ ሆኖ አይተነዋል። ፊቱን እናውቀዋለን፣ ሰውየውን አናውቀውም። ለምስጢር ከዚህ የተሻለ ፊት ከየት ይመጣል? ፊቱ አይንቀሳቀስም ብለው የሚወቅሱት፣ ፍልሚያው ላይ ካሜራው ወደ ዓይኑ እየተጠጋ ሲሄድ እንደገና ይዩት። ያ ፊት ትንሽ ቢያወራ ኖሮ ከዓይኑ ጀርባ የሚመጣው የልጅነት ትዝታ ጉልበት ያጣ ነበር።

የማክቤንን አዲስ ሚስት የተጫወተችውን ክላውዲያ ካርዲናሌን በሚመለከት የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጀምርም።

ሰሞኑን አንድ የፊልም ድርሰት እያነበብኩ ነው። ውስጡ የገዛ ዘመዶቹን መሬት በሐሰት ምስክር የሚቀማ ሽማግሌ አለ። ለእሱ ያሰብኳቸው አንጋፋ ተዋናይ ዕድሜ ልካቸውን የተጣላ ሲያስታርቁ፣ ሙሽራ ሲመርቁ የምናውቃቸው ናቸው። ስልክ ደውዬ ገጸ ባሕርዩን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ጥርሴን ትንሽ ላጥቁረው? ዓይኔንስ በኩል ልቀባው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም ጋሼ» አልኳቸው፤ «ያችን የምርቃት ጋቢዎን ብቻ ለብሰው ይምጡልኝ።»